በአውቶሞቢል ውስጥ ስለሚገኝ ውሃና ስለ መነሻው

በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ላይ ስለ ቤት ጣራ፥ ስለ ጎተራና ስለ ልብስ ሣጥን አጠባበቅ በየጊዜው ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ግን ከቤቱ ውጭ በግቢ ቆሞ ስለሚያድረው፥ ነገር ግን ልጆቻችንንና ዕቃችንን እንደ ቤት ስለሚይዘው ስለ አውቶሞቢል ልናነሣ አሰብን። አውቶሞቢል ጣራና ግድግዳ፥ በርና መስኮት ያለው ትንሽ ቤት ነውና እንደ ማናቸውም ቤት ያፈሳል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የቤት ጣራ ሲያፈስ ጠብታው በራሳችን ላይ ስለሚወርድ ወዲያው እናውቃለን፤ አውቶሞቢል ሲያፈስ ግን ውሃው በስውር ገብቶ ከምንጣፍ በታች ይተኛል፤ ባለቤቱም የሚያውቀው ሽታው ሲነሣ ወይም ዝገቱ ላሜራውን ሲበላው ነው።

ይህን የምንጽፈው ከወላይታ ሶዶ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ፥ በዳሞታ ተራራ እግር ሥር ተቀምጣለች፤ ተራራውም ከ2,900 ሜትር በላይ ይነሣል። ዝናብ እዚህ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ በበልግ፥ ሁለተኛም በክረምት። በመካከሉ ያለው የፀሓይ ጊዜ አጭር ስለ ሆነ፥ በበልግ የረጠበ ነገር ሳይደርቅ ክረምት ይደርስበታል። ከዚህም በቀር በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በልዩ ልዩ ከተሞች ስለ ተደለደሉ፥ ሹማምንቱና ጸሓፊዎቹ ከነመዝገባቸው በአውቶሞቢል ሲመላለሱ ይውላሉ። እንግዲህ በአውቶሞቢል ወለል ላይ የሚተኛ ውሃ ምንጣፍ ብቻ የሚያበላሽ አይደለም።

ይኸንንም በራሳችን ጥፋት ተምረነዋልና ሳናፍር እንናገራለን።

በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ከአንድ ወረዳ ስንመለስ፥ አንዲት መበለት ለሚያቀርቡት ይግባኝ የሚያስፈልግ ማስረጃ ተረክበን ነበር። በጥቅሉ ውስጥ የፍርዱ ግልባጭና ሟች ባላቸው ለመሬታቸው ግብር የከፈሉበት፥ በእጅ የተጻፈ አሮጌ ደረሰኝ ይገኝ ነበር። ሌሊት ስለ ገባንና ዝናብ ስለ ጸናብን፥ ጥቅሉን ከፊተኛው ወንበር ሥር፥ በቀኝ በኩል ባለው ወለል ላይ እንዳስቀመጥነው ወደ ቤት ገባን። በማለዳ ስናነሣው ወረቀቱ እንደ ተነከረ እንጀራ በእጃችን ላይ ታጠፈ። በማተሚያ የተጻፈው የፍርድ ቃል እንዳለ ነበር፤ የማኅተሙ ቀለም ግን ተሰራጭቶ ክቡ እንደ ጥላ ሆኗል። በደረሰኙ ላይ በብዕር የተጻፈውም ስም ወደ ታች ፈስሷል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ብራና ከእርጥበት እንዴት እንደሚጠበቅ ከልጅነታችን አይተናል። መጽሐፉ በማኅደሩ ውስጥ ገብቶ ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ በምድር ላይ አይቀመጥም። ይህን እያወቅን የሰውን መብት የያዘ ወረቀት በወለል ላይ ማሳደራችን ምንም ማመካኛ የለውም።

ሴትዮዋ በቀጠሮአቸው ቀን ሲመጡ ነገሩን ሳንሸሽግ ነገርናቸው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ከተመለከቱት በኋላ በወላይትኛ «ልጄ፥ ደረሰኙ ታሞአል፤ ይድን ይሆን?» አሉን። «እናቴ፥ ቀሪው በወረዳው መዝገብ ቤት ይኖራልና እርሱን እናስፈልጋለን» ብለን መለስንላቸው፤ ነገር ግን መኖሩን አናውቅም ነበር። ፍርድ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካልቀረበ መብቱ እንደሚያልፍ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ስለሚደነግግ፥ በዚያን ጊዜ የቀረው ቀን በጣት የሚቆጠር ነበር።

ወረቀቱን ወደ ማድረቁ፥ ቀሪውንም ወደ ማስፈለጉ ከሄድን በኋላ፥ ውሃው ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ቁርጥ አሳብ አደረግን። አውቶሞቢላችን ዕድሜው የገፋ ቶዮታ ኮሮላ ነው። በከተማው ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። ባለ ሥራው የረጠበውን ምንጣፍ በጣቱ ተጭኖ አየና «የፊት መስተዋቱ ነው» አለ። እንዴት እንዳወቀው ስንጠይቀው «ሁልጊዜ እርሱ ነው» አለን። ከዚያም በመስተዋቱ ዙሪያ ሲሊኮን የሚባለውን ሙጫ ቀብቶ፥ ዋጋውን ተቀብሎ አሰናበተን። እኛ በሥራችን ምስክር ሳይሰማ በማንም ላይ ፍርድ እንደማይሰጥ እናውቃለን፤ በዚያ መስተዋት ላይ ግን ምስክር ሳይሰማ ተፈረደበት፥ እኛም ዝም ብለን ተቀበልን። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ዘነመ፤ ወለሉም እንደ ቀድሞው ራሰ።

መነሻውን ያገኙት ባለቤታችን ናቸው። እርሳቸው የአውቶሞቢልን ሥራ የተማሩ አይደሉም፤ ነገር ግን ያደጉት በሣር ክዳን ቤት ነው። «በሣር ቤት ጠብታው የወደቀበትን ቦታ ሽቅብ ብታዩ ቀዳዳውን አታገኙትም፤ ውሃው በአንድ በኩል ይገባና የጣራውን እንጨት ተከትሎ በሌላ በኩል ይወርዳል» አሉን። ቀጥለውም እኛ ልብ ያላልነውን አንድ ነገር አስታወሱን። አውቶሞቢሉ በግቢያችን ሲያድር አንዳንድ ቀን ፊቱ ወደ ዳሞታ፥ ማለት ወደ ዳገቱ፥ አንዳንድ ቀንም ወደ ቁልቁለቱ ይሆናል። ወደ ቁልቁለቱ ዞሮ ባደረ ጊዜ ዝናቡ የቱን ያህል ቢጸና ወለሉ ደረቅ ነው፤ ፊቱን ወደ ዳሞታ ባደረገ ጊዜ ግን ይርሳል።

መስተዋቱ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም በኩል ባፈሰሰ ነበር። ስለዚህ ውሃው አንድ ቦታ ተጠራቅሞ፥ አውቶሞቢሉ ወደ ኋላው ሲያዘነብል የሚገለበጥ መሆን አለበት ብለን ኮፈኑን ከፈትን። ከፊት መስተዋት ግርጌ፥ የዝናብ መጥረጊያዎቹ በተተከሉበት ስፍራ፥ በፕላስቲክ የተሸፈነ ቦይ አለ። በመስተዋቱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁሉ ወደዚያ ቦይ ገብቶ በግራና በቀኝ ባሉት መውረጃዎች ወደ ምድር ይሄዳል። በዚሁ ቦይ ውስጥ ደግሞ ለተሳፋሪዎች አየር የሚገባበት አፍ ይገኛል። ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈትተን ብናነሣ፥ በግቢያችን ካለው ከግራቪሊያው ዛፍ የረገፈው ቅጠል ሁለት ጣት ያህል ጠልቆ በስብሶ፥ በውስጡም አንድ ቀጭን ሣር በቅሎበት አገኘን። መውረጃው ተደፍኖአል፤ ቦዩ ኩሬ ሆኖአል፤ ኩሬውም ሲሞላ በአየሩ አፍ አልፎ በቀኝ በኩል ባለው ወለል ላይ፥ ልክ በመዝገቡ ላይ ይፈስ ነበር። ጥገናው አንድ ከሰዓት በኋላና ጥቂት ባልዲ ውሃ ብቻ ፈጀ።

ይህ ነገር ከደረሰብን ወዲህ መካኒኮችንና ባትላሜራዎችን እየጠየቅን፥ ራሳችንም እየሞከርን ያወቅነውን አንባቢዎቻችን እንዲጠቀሙበት ከዚህ በታች እንጽፋለን።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ አውቶሞቢል የተሠራው ውሃ ፈጽሞ እንዳይገባበት ተደርጎ አለመሆኑ ነው። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የመጣውን የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ ወደ አዲስ አበባ ሲያመጣው፥ የዚያን ዘመን አውቶሞቢሎች አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ክፍት ስለ ነበር የተሰወረ ውሃ የሚባል ነገር አልነበረባቸውም፤ የረጠበው ሁሉ ይታያል፥ ፀሓይም ያደርቀዋል። የዛሬው አውቶሞቢል ግን በውጭው ቆዳና በውስጡ ልብስ መካከል ባዶ ስፍራ አለው። ውሃው ወደዚያ እንዲገባ ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን በተሠራለት መንገድ እንዲወጣ ይታዘዛል። በሩን ተመልከቱ፤ በመስኮቱ መስተዋት ላይ የወረደው ዝናብ ጎማውን አልፎ ወደ በሩ ሆድ ይገባል፤ ከበሩ ግርጌ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎችም ይወጣል። እንግዲህ ብዙውን ጊዜ በሽታው ውሃው መግባቱ ሳይሆን መውጫ ማጣቱ ነው። በዚህ ምክንያት ሙጫ ይዞ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደፍነው ራሱን መውጫውን ነው።

ከሁሉ በፊት የተገኘው ፈሳሽ ምን እንደ ሆነ ይለይ። ነጭ ጨርቅ ወይም ሶፍት ወስዳችሁ በረጠበው ላይ ተጫኑና አሽትቱት፥ ቀለሙንም እዩት። ከዝናብ በኋላ የሚገኝና አፈር የተቀላቀለበት ከሆነ የዝናብ ውሃ ነው። ጥርት ያለ፥ ሽታ የሌለውና ዝናብ ሳይዘንብ የሚገኝ ከሆነ ግን ከአየር ማቀዝቀዣው የመጣ መሆኑን ጠርጥሩ። በሶዶ ብርድ ማቀዝቀዣውን የሚከፍት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ወደ 120 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ወርዶ ወደ ቆላው የሚደርስ ሁሉ ይከፍተዋል። ማቀዝቀዣው ከአየሩ ያወጣውን እርጥበት በአንዲት ቀጭን ቱቦ ከአውቶሞቢሉ ሥር ወደ መሬት ያንጠባጥባል። ቱቦዋ በአቧራ ከተደፈነች ውሃው ወደ እግራችን ይመለሳል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ማቀዝቀዣው ሲሠራ ቆይቶ አውቶሞቢሉ ሲቆም ከሥሩ ምንም ካልተንጠባጠበ፥ ቱቦዋ ተደፍናለች።

ሦስተኛው ፈሳሽ አደገኛ ነው። አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ያለው፥ በጣት ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ፥ ሽታውም ጣፋጭ የሆነ ፈሳሽ በመሪው አጠገብ ወይም በመካከል ቢገኝ፥ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ኩላንት ነው። ለተሳፋሪዎች ሙቀት የምትሰጥ ትንሽ ራዲያተር ከዳሽቦርዱ በስተኋላ አለች፤ ያፈሰሰችው እርስዋ ናት። ማሞቂያው በተከፈተ ጊዜም የፊት መስተዋቱ በውስጥ በኩል ቅባት የመሰለ ጉም ይለብሳል። ይህ ፈሳሽ በብዙው አውቶሞቢል ውስጥ መርዝነት ያለው ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለ ሆነም ሕፃናትና ውሾች ሊልሱት ይችላሉ። ስለዚህ ያንኑ ቀን ይጠረግ፥ የተጠረገበትም ጨርቅ ይጣል። ኩላንቱ ከጎደለ ሞተሩ ዳገት ላይ ይግላልና አውቶሞቢሉን እንዲሁ እየነዱ ነገ ዛሬ ማለት አይገባም። ሞተሩ ሳይበርድም የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ፊትንና ዓይንን ያቃጥላል። ይህ ጥገና የመካኒክ ነው እንጂ የቤት ሥራ አይደለም።

የዝናብ ውሃ መሆኑ ከታወቀ ግን ምርመራውን ባልና ሚስት፥ ወይም አባትና ልጅ ሆኖ በቤት ማድረግ ይቻላል። መጀመሪያ ወለሉ ይድረቅ፤ በረጠበ ወለል ላይ አዲስ ውሃ አይታወቅምና። ምንጣፉን ከዳሩ ገልጣችሁ በባዶው ላሜራ ላይ ያነበባችሁትን ጋዜጣ፥ ይህንንም ገጽ ቢሆን፥ አንጥፉበት፤ ጠብታው የወደቀበት ስፍራ ወዲያው ይጠቁራል። ከዳሽቦርዱ በታችና በበሮቹ ግርጌ ደግሞ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱ፤ ውሃው ሲወርድ በዱቄቱ ላይ መንገዱን ይጽፋል። ከዚያም አንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ ከውስጥ ይግባ፥ በሮቹም ይዘጉ፤ ሁለተኛው ከውጭ ሆኖ በጎማ ውሃ በቀስታ ያፍስስ።

አፈሳሰሱ ሥርዓት አለው። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ ከጣራ አይጀመርም። ከጣራ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉን ነገር እየነካ ስለሚወርድ የቱ እንዳስገባው አይለይም። መጀመሪያ የበሩ ግርጌ፥ ቀጥሎ የመስኮቱ ጎማ፥ ከዚያም የመስተዋቱ ግርጌ፥ ጎኑ፥ ራሱ፤ በያንዳንዱ ላይ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። በላቫጆ ቤት በሚገኘው ኀይለኛ ግፊት መፈተን ግን ስሕተት ነው፤ እርሱ ደህናውን ጎማ እንኳ አልፎ ይገባልና ንጹሑን ወንጀለኛ ያደርገዋል። በውስጥ ያለው ሰው የመጀመሪያዪቱን ጠብታ ሲያይ ይጩኽ፤ ውሃውም ወዲያው ይቁም። እኛ ቤት ይህን የሠራው የ11 ዓመት ልጃችን ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መርማሪ እባላለሁ እያለ አስቸግሮናል።

በበር በኩል የሚገባ ውሃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የበሩ ጎማ ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ የሚያስገባው ነው። ቀጭን ወረቀት በበሩ መካከል አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ በዚያ ቦታ ጎማው አይዝም። ሁለተኛውን ግን ብዙ ባለ ሥራዎች ይስቱታል። ከበሩ የውስጥ ልብስ በስተኋላ የተለጠፈ አንድ ላስቲክ አለ፤ ሥራውም በበሩ ሆድ የሚወርደው ውሃ ወደ ተሳፋሪው እንዳይመጣ መጋረጃ መሆን ነው። የመስኮት ማንሻ ወይም ድምፅ ማጉያ ሊጠገን በሩ በተፈታ ጊዜ ይህ ላስቲክ ይቀደዳል፥ አንዳንድ ጊዜም የማያስፈልግ መስሎአቸው ይጥሉታል። ከዚያ ወዲያ በሩ ያፈሳል፤ ሰውም ጎማ እየለወጠ ገንዘቡን ይጨርሳል። መፍትሔው ወፍራም ላስቲክ በልክ ቆርጦ፥ የማይደርቅ ጥቁር ማጣበቂያ በዙሪያው አድርጎ መለጠፍ፥ የታችኛውንም ጫፍ ወደ በሩ ሆድ ውስጥ ማስገባት ነው። በግርጌ ያሉትንም ቀዳዳዎች በስንጥር ማጽዳት አይረሳ።

ከጣራው ላይ የሚከፈት መስኮት ያላቸው አውቶሞቢሎች በመስኮቱ ዙሪያ ቦይ፥ በማዕዘኖቹም ቀጫጭን ቱቦዎች አሏቸው፤ ቱቦዎቹ በግንዱ ውስጥ አልፈው ወደ ታች ይወርዳሉ። ጥቂት ውሃ በቦዩ ላይ አፍስሱና ከመንኰራኩሩ አጠገብ መውጣቱን ተመልከቱ። የተደፈነ ከሆነ በለስላሳ ቀጭን ገመድ ይጠረግ፤ በአየር መንፊያ ግፊት መንፋት ቱቦውን ከቦታው ነቅሎ ክፉውን የባሰ ያደርገዋል። ከኋላ የዕቃ ክፍል ውስጥ ውሃ ቢገኝ፥ የመለዋወጫው ጎማ በተቀመጠበት ጕድጓድ ውስጥ እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ መብራቶቹ ዙሪያ ካለው ጎማ የመጣ ነው። ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚሄዱና በክረምት ወንዝ የሚያቋርጡ ደግሞ ወለሉን ከሥር ያስመርምሩ፤ ላሜራው ሲሠራ የተበሱ ቀዳዳዎች በጎማ መክደኛ የተዘጉ ናቸው፥ አንዱ ሲወድቅ ወንዙ ሽቅብ ይገባል።

የፊት መስተዋቱ በእውነት ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ አለ፤ ይልቁንም ከዚህ ቀደም ተሰብሮ የተለወጠ ከሆነ። ነገር ግን በላዩ ላይ ሲሊኮን መቀባት መድኃኒት አይደለም። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው የሲሊኮን ዓይነት ራሱ ብረትን ያዝጋል፤ ከዚህም በላይ የተቀባበት ቦታ በሚገባ ካልጸዳ በስተቀር ኋላ እውነተኛው የመስተዋት ማጣበቂያ አይዝበትም። በእኛ ላይ የደረሰው ይህ ነው፤ ያ ሙጫ ያለ ጥፋቱ ከተቀባ በኋላ ተፍቆ እስኪነሣ ሁለት ቀን ፈጅቶአል። ትክክለኛው ሥራ መስተዋቱን ማውጣት፥ ከሥሩ ዝገት ካለ መፋቅና የዝገት መከላከያ ቀለም መቀባት፥ ከዚያም ለመስተዋት በተሠራው ማጣበቂያ መልሶ መትከል ነው። ማጣበቂያው ሳይጠነክር አውቶሞቢሉን መንዳት አይገባም፤ መስተዋቱ በአደጋ ጊዜ ለጣራው ድጋፍ ነውና።

ስለ ማድረቅ ጥቂት እንጨምር። ምንጣፉ ከላይ የደረቀ ሲመስል ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃውን ለሳምንታት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ወንበሩ ተነሥቶ ምንጣፉ በሙሉ ወጥቶ በፀሓይና በነፋስ መድረቅ አለበት። ሽቱ በመርጨት ሽታውን የሚሸፍኑ ሰዎች አሉ፤ ከዚህ ይልቅ ሻጋታውን ቢጠርጉ ይሻላቸው ነበር። ሻጋታ በተዘጋ ስፍራ ሲተነፍሱት ሳል ያስነሣል፥ አስም ባለበት ልጅ ላይም ይብሳል። ልጅዎ በቤት ደኅና ሆኖ በአውቶሞቢል ውስጥ ሲሆን ብቻ የሚያስለው ከሆነ፥ ወደ ሐኪም ሲወስዱት ምንጣፉንም ገልጠው ይዩት።

ወንበር ከማንሣት በፊት ግን የባትሪው አሉታዊ ገመድ ይፈታ። ከወንበር ሥርና በመካከል የሚያልፉት ብዙ የኤሌክትሪክ ገመዶች ናቸው። ቢጫ ልብስ ያላቸው መጋጠሚያዎች በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአደጋ መከላከያ ከረጢት ስለ ሆኑ ያልተማረ ሰው አይንካቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እየበዙ ነው፤ በእነርሱም ውስጥ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ገመድ ከፍተኛ ኀይል ያለበት ነውና ወለላቸው ውሃ ይዞ ሲገኝ ወደ ዐዋቂው መውሰድ ግዴታ ነው። አሮጌውን የቤንዚን አውቶሞቢል የሚገዛ ደግሞ ቀለሙን ብቻ እያየ አይደነቅ፤ የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ የጭቃ ምልክት እንዳለበት ይይ፥ ከምንጣፉ ሥርም እጁን ይስደድ። ሻጩ ይህን የሚከለክል ከሆነ መልሱ ተገኝቶአል።

የእኛው ኮሮላ ዛሬም ፊቱን ወደ ዳሞታ አድርጎ ያድራል፤ ግራቪሊያውንም ለጥላው ስንል አልቆረጥነውም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ልጃችን ኮፈኑን ከፍቶ ከቦዩ ውስጥ ቅጠሉን በእጁ ይለቅማል፤ በየመውረጃውም አንድ ጣሳ ውሃ እያፈሰሰ ከመንኰራኩሩ ሥር መውጣቱን ጎንበስ ብሎ ያያል። መዝገብ የምንይዝበትም ሣጥን ክዳኑ ጎማ ያለው ሆኖአል፤ ሌሊትም ከእኛ ጋር ወደ ቤት ይገባል።

የደረሰኙም ቀሪ በወረዳው መዝገብ ቤት ተገኘ። በአቧራ የተሸፈነ ጥራዝ ውስጥ ቁጥሩ ከእርሳቸው ደረሰኝ ጋር አንድ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ በጽሕፈት ተረጋግጦ ይግባኙ ቀኑ ሳያልፍ ገባ። ለዚህም ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ከገጠር ተመላልሰዋል፤ አንዱን ጊዜ መንገዱ ጭቃ ስለ ነበረ አውቶቡስ አጥተው በእግራቸው መጥተዋል። የመጀመሪያውን ደረሰኝ ስንመልስላቸው ቁጥሩ ይነበብ ነበር፤ የባላቸው ስም ግን ከመካከሉ ጠፍቶ ሁለት ፊደል ብቻ ቀርቶ ነበር። እርሳቸውም ምንም ሳይናገሩ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቀለሉት፥ በነጠላቸውም ጫፍ ቋጠሩት።